ስም የሌለው ደም

ሐዲጃ ስለ ኤችአይቪ ጥናት ወደሚነገርበት የአዘዞ አዳራሽ የሄደችው የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ሴቶችን ወክላ ነው። አጠገቧ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ሐጂ አብዱልጀሊል ተቀምጠዋል። እሳቸውም ሆኑ አዳራሹን የሞሉት የጎንደር ሰዎች፣ ይህች ጨርቅ ነጋዴ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ አያውቁም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አፏን ለጉማ፣ ክኒኗን ከጣቃዎቹ ስር ሸሽጋ ኖራለች።

መድረኩ ላይ ዶክተር አንዳርጋቸው የተባለ ተመራማሪ በሥዕል ያስረዳል።

"ቫይረሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ክትባት የሚሠራ ሰው በየአገሩ ያለውን ዝርያ ለይቶ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ከጎንደርና ከዛሪማ ሕመምተኞች፣ መድኃኒት ሳይጀምሩ በፊት፣ ደም ወስደን መረመርን።"

ሐዲጃ በልቧ ኮራች። ከነዚያ ሰዎች አንዷ እሷ ናት። "ለልጆቻችን ክትባት" ብለዋት ሳታንገራግር ክንዷን ሰጥታለች።

"በነገራችን ላይ" ቀጠለ ዶክተሩ፣ "ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። በአንዳንዶቹ ደም ያለው ቫይረስ ከመጀመሪያውም ለተለመደው መድኃኒት የማይበገር ነው።"

በነገራችን ላይ! የሰው ነፍስ በነገራችን ላይ ሆነና አረፈው!

ሐዲጃ ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ሰዓቱን ሳታዛንፍ ውጣለች፤ በረመዳን እንኳ ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር እያስማማች። የበሽታ መከላከል አቅሟን የሚያሳየው ሲዲፎሯ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ሐዲጃ በሄደች ቁጥር የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ስንዱ ትቆጣታለች፤ "አንቺ ሴትዮ፣ ክኒኑን እየጣልሽው ነው! ራስሽን ልትገይ ነው?" እሷም ወላሂ ብላ ትምላለች፤ ማን ሊሰማት! ሌላ መድኃኒት ስጡኝ ስትልም "መጀመሪያ ይኸን በሥርዓቱ ዋጪ" ተብላ፣ እንደ ሌባ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች።

እጇን አወጣች።

"ዶክተር፣ ለሰዎቹ ነገራችኋቸው?"

"ስማቸውን አናውቅም፣ እናቴ። ምሥጢራቸው እንዲጠበቅ የያዝነው በቁጥር ብቻ ነው። ደግሞም ሥራው ለክትባት እንጂ ለሕክምና አልነበረም።"

"ለሚያክሟቸውስ?"

"ውጭ አገር በሚታተም የሳይንስ መጽሔት አውጥተነዋል።"

ሐዲጃ ደሟ ፈላ። ስንዱ ደግሞ ይኸን ጊዜ ወረፋው አናቷ ላይ ወጥቶባት፣ ሌላዋን ምስኪን እየተቆጣች ነው፤ መቼ የውጭ መጽሔት አንብባ!

"ምነው ሐዲጃ፣ አንቺ ምን አገባሽ? ተቀመጪ እንጂ" አሉ ሐጂ አብዱልጀሊል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ልትቀመጥ ቃጣት። ነገር ግን አሁን ዝም ብትል፣ ስሟን እንደጠበቀች ትሞታለች።

"ያገባኛል!" አለች። "ቫይረሱ አለብኝ፣ ደሙም የኔ ነው! ምሥጢሩን የጠበቃችሁት ከማን ነው? ከምሥጢሩ ባለቤት ከኔ? ደሜን ስትፈልጉ እስከ ጤና ጣቢያው መጥታችሁ ለመናችሁኝ፤ ያገኛችሁትን ልትነግሩኝ ሲሆን መንገዱ ጠፋባችሁ?"

የገበያ ጎረቤቶቿ ዞረው አፈጠጡባት። ሐጂ አብዱልጀሊል ወንበራቸውን ከሷ ፈቀቅ አደረጉ። አየቻቸው፤ ይብሱን አናደዷት።

እጅጌዋን ሰብስባ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ክንዷንም ዶክተሩ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"በል ቅዳ። ቁጥር አልፈልግም፣ ሐዲጃ ብለህ ጻፍበት። ውጤቱንም ራስህ ይዘህ ሄደህ ለስንዱ ንገራት፤ ክኒኔን አልጣልኩም።"