ሦስት ሴቶችና አንድ ሶሌታ

«ከባሬላው የሴቷ ጫፍ የትኛው ነው?»

ሲቲን ይህን የጠየቀቻት መምህርት ቦንቱ ናት። በቡርቃ ጃቶ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ፊደል ከሚቆጥሩት እናቶች መካከል የግንባታ ሠራተኛ እሷ ብቻ ነበረች። ስለ ዶሮ እርባታ ማንበብ ሰለቸን ብለው ስላስቸገሯት፣ ቦንቱ ከክልሉ ሕገ መንግሥት በኦሮምኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አባዝታ አመጣች። ሲቲ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች፣ ላብ እስኪያጠምቃት ታግላ አነበበችው። «ሆጂ ወልቂጣፍ ከፈልቲ ወልቂጣ።» ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ።

«ይሄ የቢሮ ሰው ነገር ነው» አለች አንብባ ስትጨርስ። «እኛ ከወንድ ጋር ባሬላ ነው የምንሸከም።»

የቦንቱ ጥያቄ የመጣው ያኔ ነው። ክፍሉ ሳቀ። ሲቲም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ እስክትደርስ ግን ሌላ ነገር አላሰበችም።

ባሬላ ሁለት አጣና ላይ የተመታ ጣውላ ነው፤ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይይዘዋል። ከፊት የቀን ሠራተኛው ገቢሳ፣ ከኋላ ሲቲ። መወጣጫውን ሽቅብ ሲወጡ ክብደቱ የሚጋደመው ወደ ኋላ ነው። ማታ ግን እሱ አምስት መቶ ብር፣ እሷ ሦስት መቶ ሃምሳ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሆን፣ ነገሩ ከጥንት እንዲያ የተሠራ ይመስላት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን መቀነቷ ውስጥ አጥፋ ወደ ግንባታው ሄደች። ካቦውን ስለ ክፍያው ልትጠይቅ መሆኑን ለሎሚ ነገረቻት። ሎሚ ከጉቴ በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትሠራ፣ እንደ ሲቲ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት።

«ተይ እህቴ» አለቻት ክንዷን ይዛ። «ካቦው ቂመኛ ነው። ሁላችንንም ከሥራ ታስወጪናለሽ።»

«ልጄ ኢማን ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገባች። አንድ ነገር አምጪ ባለችኝ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ምን ላርግ?»

«እኔስ ድንጋይ ነው የወለድኩት?»

ሲቲ ግን እኩል ይከፈለን ብላ ተናገረች። ካቦው፣ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ አስናቀው፣ ወረቀቱን አገላብጦ አየና መልሶ ሰጣት። «አንብቢው እስቲ፣ ባለ ሕገ መንግሥት!»

ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበችለት። ሰውዬው አልተቆጣም። ፈገግ አለ እንጂ።

«ለእኩል ሥራ ነው የሚለው? ደግ! እንግዲያው ሥራውን እለየዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሴት ባሬላ አትነካም። አሸዋ ትነፋለች። ክፍያው የዱሮው። አሸዋው ሲያልቅ ደግሞ እንሰነባበታለን።»

ሦስቱ ሴቶች፣ ሲቲ፣ ሎሚና ወጣቷ ኡርጂ፣ ወንፊት ያዙ። «ሃዳ ኢማን፣ ጫንቃሽን አሳረፍሽው!» አላት ገቢሳ እያለፈ፤ የኢማን እናት ማለቱ ነው። ማንም አልሳቀለት። ሎሚ ለሦስት ቀን ከሲቲ ጋር አልተነጋገረችም። የአሸዋው ክምር በየቀኑ ያንስ ነበር። ሲቲ እያየችው ትነፋለች፤ ቀስ ብላ ልትነፋ ትሞክራለች፤ ካቦው ይጮህባታል።

ሐሙስ የሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ሙሌት ቀን ሆነ። ሶሌታ ከተጀመረ አይቆምም። ከመሃል ከተቋረጠ የደረቀውና እርጥቡ አይያያዝም፣ ይሰነጠቃል። ሁለት ወንዶች ሳይመጡ ቀሩ። ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ ጠቆረ። ሚክሰሩ ኮንክሪት ይገለብጣል፣ ተሸካሚው አይበቃም። ኢንጂነሩ ከላይ ሆኖ ይጮሃል።

አስናቀው እየሮጠ መጣ። «ሴቶች! ባሬላ!»

ሎሚና ኡርጂ ወንፊታቸውን ጣሉ። ሲቲም፣ ገቢሳ የፊቱን እጀታ ይዞ ጎንበስ ብሎ ወደሚጠብቅበት ወደ ሞላው ባሬላ ሄዳ የኋላውን እጀታ ያዘች። ግን አላነሳችም።

«በወንዶቹ ክፍያ ነው?»

«አንሺ አልኩሽ!»

«ጋሼ አስናቀው፣ ሴት ባሬላ አትነካም ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁን ከነካሁ የወንድ ሥራ ነው የምሠራ።»

«ሲቲ፣ በአላህ!» አለች ሎሚ፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ሃዳ ኢማን፣ ወገቤ ተቆረጠ» አለ ገቢሳ። «ወይ አንሺው ወይ ልልቀቀው።»

«ብትለቀው አብረሃት ትወጣለህ!» አለ ካቦው።

ገቢሳ ትንሽ አሰበ። ከዚያ እጀታውን ለቆ ቀና አለ። «ታዲያ ብቻዬን በጥርሴ ልጎትተው?»

የዝናቡ ጠብታ ጣውላውን መታው። ሲቲ እጀታውን ጨምድዳ ያዘች። ካቦው አሁን በይ ሂጂ ቢላት፣ ነገ ኢማንን ምን እንደምትላት አታውቅም።

«አስናቀው!» አለ ኢንጂነሩ ከላይ። «ሶሌታው ሊበላሽብኝ ነው! የጠየቀችህን እሺ በላት!»

«እሺ! የወንድ ክፍያ!»

«ለሦስታችንም?»

«ለሦስታችሁም፣ አንሺ!»

አነሳች። ኮንክሪቱ ከዝናቡ ቀድሞ እስኪያልቅ አላረፉም። ሎሚ በረጠበው መወጣጫ ላይ ሁለቴ ተንሸራታ ወደቀች፤ ሁለቴም ተነስታ ተሸከመች። ሲመሽ ሦስቱም እንደ ገቢሳ አምስት መቶ ብር ተቀበሉ። ሎሚ ሲቲን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። «አንቺ እብድ» አለቻት።

ዓርብ ጠዋት አስናቀው በግንባታው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ቃሌን አላጥፍም፣ ኢንጂነሩም ሰምቷል። በወንድ ክፍያ ከሆነ ግን ሦስት ሴት አልፈልግም። ሁለት ይበቁኛል።»

ሲቲን ትክ ብሎ አያት። እሷም ስሟን እስኪጠራ ጠበቀች።

«ትናንት መወጣጫው ላይ ማን እንደወደቀ አይቻለሁ» አለና ሎሚን በእጁ አመለከታት።

ሲቲ አፏን ከፈተች። የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ያስወጡኝ ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ሎሚም እንድትናገር ትጠብቃት ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሲቲ አፏን መልሳ ዘጋች።

ሎሚ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ጉቴ ሄደች። ሲቲና ኡርጂ ሥራው ላይ ቀሩ።