የአያሌው አለባበስ

«አንዱ እጅጌ እዚህ፣ አንዱ እዚህ!» አሉ ጋሽ ሀብቴ፣ መጀመሪያ የግራ አንጓቸውን፣ ቀጥሎ የቀኝ ክርናቸውን እየነኩ። «አያሌውን ከሩቅ የምንለየው በዚያ ካፖርት ነበር። ልብስ ሰፊ ሆኖ እንዲያ የሚለብስ ሰው በእስቴ ምድር አልታየም!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ሳቁ።

መሠረት የንፍሮውን ሰሃን እንደያዘች ቆመች። አባቷ አያሌው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ለቅሶ ደራሽ ሐዘንተኛን ማጫወት ወጉ እንደሆነ ታውቃለች፤ ጨዋታው ሁሉ የአባቷ ልብስ ላይ መሆኑ ግን ከነከናት። ሳቁ ለእሷ አዲስ አይደለም። ባሕር ዳር በተመረቀች ዕለት አያሌው የመጣው አንዱ እግሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ የቀረ፣ ሌላው መሬት የሚጠርግ ግራጫ ሱሪ ለብሶ ነበር። ፎቶ ሲነሱ ጓደኞቿን ከፊቱ አቁማ ሱሪውን ጋረደችው። ገብቶት ኖሮ ራሱም ወደ ኋላ ሸሸት አለላት።

አሁን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። ከደብረ ታቦር የመጣው የልብስ ነጋዴ ደመቀ በአባቷ ሦስት ሰፊዎች መሐል ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። ሆን ብሎ እየተሸነፈላቸው ስለ አዲሱ ሱቁ ያንሾካሹካል። ዋናው ቆራጭ ዑስማን ከሄደ ሌሎቹ ሁለቱም ይከተሉታል። ሦስቱም ከሄዱ እናቷ ካሣነሽ የምትተዳደርበት የስፌት ቤት ይዘጋል።

መሠረት በባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ናት። ሠራተኛ ለምን እንደሚቆይ፣ ለምን እንደሚለቅ፣ ምን እንደሚያተጋው የሚያጠና ሥነ ልቦና ተምራለች። ስለዚህ በማግስቱ በማለዳ ተነሥታ የሠራተኛ እርካታ መጠይቅ ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ለሦስቱም አደለች። «ምነው ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ፎርም ይሞላል?» ብላ እናቷ ብትቆጣም አልሰማቻትም።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ሰበሰበች። በዕድሜ ትንሹ ፈንታ የለቅሶ ደራሾች መዝገብ መስሎት ስሙንና የዕድሩን ስም ጽፏል። ሌላው ሰፊ ሰውነት «አለቃዎ ሐሳብዎን ያዳምጣል?» ለሚለው «ነፍሱን ይማር፤ አሁን እንጃ» ብሎ መልሷል። የዑስማን ባዶ ነበር።

የንፍሮውን ሰሃን እንደያዘች ዑስማንን ከድንኳኑ ጀርባ ለብቻው አገኘችው።

«ጋሼ ዑስማን፣ ምነው ሳይሞሉት?»

«‘ስሕተት ሲሠሩ አለቃዎ ምን ያደርጋል?’ ይላል። ይቆጣል፣ ይመክራል፣ ይቀጣል። መልሱ ግን ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም።»

«ምን የሚል?»

«ይለብሰዋል የሚል።»

አልገባትም።

«ያን ግራጫ ሱሪ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። የመምህር ንጉሴ የሠርግ ሱሪ ነበር። ያን ሰሞን ሚስቴ ፈትያ ታማብኝ ልቤ እሷ ዘንድ ነበር። አያሌው አየና አልተቆጣም። ሌላ ጨርቅ አምጥቶ አብረን ሰፋንለት። በማግስቱ ያችን ሱሪ ለብሶ ብቅ አይል መሰለሽ! ‘አየር ታስገባለች’ አለኝ።» ዑስማን እየሳቀ ዐይኑን ጠረገ። «ካፖርቱ የሰውነት ሥራ ነው። አንገቱን የምታንቀው ሸሚዝ የፈንታ ናት። የማን የማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አንልም።»

«ለምረቃዬ እንኳ ሌላ ቢለብስ ምን ነበረበት?»

«አውልቃት ብዬ ለምኜው ነበር። ‘ዛሬ ካወለቅኋትማ እስከ ዛሬ ሳፍርባት ነበር ማለት ነው’ አለኝ።»

ወደ ኋላ ሸሸት ያለላት አባቷ በመሠረት ፊት ድቅን አለ። የመጣባት ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለራሷም አልለየላትም። ንፍሮው ከሰሃኑ ጥቂት ፈሰሰ።

«ታዲያ ለምን ከደመቀ ጋር ይሄዳሉ?»

«አሁን ብሳሳት ማን ይለብስልኛል?»

የተማረችውን ሁሉ በልቧ አገላበጠች፦ የደመወዝ ጭማሪ፣ የምስጋና ወረቀት፣ ዕድገት። አንዱም ለዚህ ጥያቄ አልሆነም። እኔ እለብሳለሁ ብትል ደግሞ ውሸት ነው፤ ፎቶው ላይ ምን እንዳደረገች ራሷ ታውቃለች።

«ጋሼ፣ እኔ ቁልፍ መትከል እንኳ አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «አንድ ወር የዓመት ፈቃድ አለኝ። ብቀመጥ መቁረጥ ያስተምሩኛል?»

«አንቺ? ጨርቅ ትፈጂያለሽ!»

«እፈጃለሁ። የማበላሸውንስ ማን ይለብስልኛል?»

ዑስማን አፍጥጦ አያት። ከድንኳኑ ውስጥ ደመቀ ተጣራ፦ «ዑስማን! ካርታ ታድሏል፣ ናማ!»

«እኔን ተዉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» አለ ዑስማን።

ከአንገቱ የማይለየውን ሜትር አውርዶ ሰጣትና «በይ፣ ለእኔ እጅጌ ለኪ» ብሎ ክንዱን ዘረጋ። መሠረት ሰሃኑን አስቀምጣ ከትከሻው እስከ አንጓው ለካች። ቁጥሩ በእንባዋ ውስጥ ይዋኛል።

«ሃምሳ አራት» አለች።

ዑስማን ጎንበስ ብሎ ሜትሩን አየ። ስድሳ አንድ ነበር።

«ሃምሳ አራት» አለና ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈው።