የተሰበረችው ክሪስታል

ንዴት ሰው ቢገድል ኖሮ ይቺ ልጅ ያን ቀን በቤተ ሙከራው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ክው ብላ በቀረች ነበር።

ልጅቱ የባዮኬሚስትሪ የዶክትሬት ተማሪ ናት። ሥራዋ አንድ ነው፤ የአንድ ግትር ፕሮቲን ቅርጽ ምን እንደሚመስል ማወቅ። ቅርጹ በኤክስሬይ የሚታየው ግን ፕሮቲኑ መጀመሪያ ክሪስታል ከሠራ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መለማመጥ ይወዳል። ትንሽ ጨው ሲበዛበት ይደፈርሳል፣ ትንሽ ሙቀት ሲነካው ያኮርፋል። እሷ ፕሮቲኑን የሚሠራላትን ባክቴሪያ ስታሳድግ፣ ስታጣራ፣ ክሪስታል ይሠራ እንደሆነ በጠብታ በጠብታ ስትደረድር እኩዮቿ ተዳሩ፣ ወለዱ። እናቷም «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ትምህርት ጫፍ የለውም እንዴ?» ማለቱ ሰልችቷት ተወችው።

አንድ ቀን በማይክሮስኮፕ ስታይ፣ ከጠብታዎቹ በአንዷ ውስጥ ጠርዟ ጥርት ያለ አንዲት ክሪስታል ቁጭ ብላለች። እልል በይ እልል በይ አላት። ወዲያው ለኤክስሬዩ ወረፋ ያዘች። ይቺ ክሪስታል ካለች ምርቃት አለ፤ ከሌለች የትምህርት ጊዜዋ እያለቀ ነውና ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ነው።

ለአማካሪዋ ፕሮፌሰር ነገረችው። አንቱ እንዳልለው አንጀቴ አሯል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

«ጨው ትሆናለች» አለ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል። «ጨውም ክሪስታል ይሠራል የኔ ልጅ። ስንቱን ጀማሪ አሞኝቷል።»

«ጨው አይደለችም ፕሮፌሰር። ቀለም ጠብ አድርጌባት ሰማያዊ ሆናለች። ጨው ቀለም አይጠጣም፣ ያውቁታል።»

«እስቲ እናያለን።»

በነጋታው ስትገባ ፕሮፌሰሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሷል፤ በእጁ መርፌ ይዟል። በሙያው የቆየ ልማድ አለ፤ ክሪስታሉ ጨው ይሁን ፕሮቲን ካልታወቀ በመርፌ ይጫኑታል። ጨው ከሆነ ቀጭ ብሎ መርፌውን ይመልሳል፣ ፕሮቲን ከሆነ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ይኼ የሚደረገው ግን ብዙ ሲኖር ነው! አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም!

«እውነትሽን ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ፕሮቲን ነበረች።»

ነበረች! ስሙልኝ እንግዲህ!

«አንድ እኮ ናት ያለችኝ!» አለች። «ነግሬዎት አልነበረም እንዴ?»

«ሳይንስ በሰው አፍ አይታመንም። ሌላ ታወጫለሽ፣ ጎበዝ አይደለሽ?» ብሎ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወደ ስብሰባው ሄደ።

ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባው እምቢ አላት። እጇ ግን ሥራ አልፈታም። በዚህ ሙያ ፍርፋሪም ዘር ይሆናል፤ አዲስ ጠብታ ውስጥ ከገባ እያንዳንዱ ቅንጣት ሌላ ክሪስታል ሊያበቅል ይችላል። ቅንጣቱን የሚያሻግር ቀጭን ነገር ሲያስፈልጋት ከራሷ ላይ አንድ ፀጉር ነቀለች፤ በዚያ ንዴት ሁሉንም አለመንጨቷ ተመስገን ነው። ፀጉሩን ፍርፋሪው ላይ አስነክታ በአዳዲሶቹ ጠብታዎች ውስጥ ሳብ ሳብ አደረገችው። አፏም አላረፈም፤ የሰውየውን ዘር ማንዘር በእርግማን አዳረሰችው።

ፍርፋሪው በቀለ! ያውም ከመጀመሪያዋ የሚበልጥ፣ ብዙ። ወደ ኤክስሬዩ ወሰደቻቸው፤ የፕሮቲኑ ቅርጽ እያንዳንዱ እጥፋቱ ሳይቀር ታየ።

ከሌላ ቦታ እንግዳ ተመራማሪዎች የመጡ ዕለት ፕሮፌሰሩ አዳራሹ ፊት ቆሞ ያንን ቅርጽ አሳየ።

«የመጀመሪያዋን ክሪስታል ሆን ብዬ ሰበርኳት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ለዘር እንድትሆን። እንዲህ ያለ ውሳኔ ድፍረት ይጠይቃል።»

ሆን ብዬ! ዓይኑን በጨው ያጠበ ሲባል ትሰማ ነበር፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ብድግ አለች። «ውሸት ነው!» ድምጿ ተንቀጠቀጠ። «የሰበሯት እኔን ስላላመኑኝ ነው። ፍርፋሪውን ጥለውት ሄዱ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ቢቆጣ ደግ ነበር፤ ቢያፍርማ እሰየው። እሱ ግን ሳቀ።

«አያችሁልኝ?» አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። «ተማሪዎቼን የማሳድገው እንዲህ ነው። ሳይፈሩ እንዲናገሩ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

አጨበጨቡ። ለእሱ!

ክሪስታሏን ወሰደ፣ ልፋቷን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ንዴቷንም የራሱ ሊያደርገው ነው። አልተቀመጠችም። ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ እንደቆመች ጠበቀች።

«ይኼንንስ እርስዎ አላስተማሩኝም» አለች፤ አሁን ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «እርስዎ ያስተማሩኝ መፍራት ነው። እሱንም ዛሬ ረሳሁት።»

በዚህኛው ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።