መጠነ ቁሱ ይውረድ

የፊዚክስ ፈተና ሁለቴ ወድቄያለሁ። የነርሶች ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ ፊዚክስ አይቀበልም። ዛሬ ካላለፍኩ ማንኬሲም ገበያ ቲማቲም ስሸጥ ላረጅ ነው። የፈተናው በር ልክ በሦስት ሰዓት ይዘጋል።

ታዲያ የተሳፈርንበት ትሮትሮ የሚሉት ሚኒባስ ፈተናው ያለበት ኬፕ ኮስት ሳይደርስ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረላችሁ! ሁላችንም ወረድን፤ ከሚስተር አኳንዶ በቀር። የፈተና ጣቢያችን ኃላፊ ናቸው፤ መኪናቸው ጋራዥ ገብታባቸው ነው ከእኛ ጋር የተጋፉት። ሆዳቸውን ታቅፈው ነጭ ጫማቸውን አየት አደረጉና፣ "ይሄ ጫማ ጭቃ አይረግጥም" አሉ።

ገፋን። ወይ ፍንክች!

"ኃይል አንሷችኋል!" አሉ በመስኮት። "ኃይል ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በሽምጠት ነው። እዚህ የተማረ ሰው የለም?"

"አለሁ ጌታዬ" አልኩ ጭቃውን ከፊቴ እየጠረግኩ። "በዚሁ ኃይል መጠነ ቁሱ ቢቀንስ፣ ሽምጠቱ ይጨምራል፤ መኪናው ይነሳል።"

"ታዲያ ዕቃውን አውርዱዋ!"

አወረድን። ያም የሚባለውን ሥራሥር፣ ዓሣውን፣ ጣሪያው ላይ የታሰሩትን ፍየሎች ሳይቀር። ረዳቱ ፊፊ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ "አባባ፣ የቀረን ዕቃ እርስዎ ብቻ ነዎት" አላቸው።

"እኔን ነው ዕቃ? አንተ ባለጌ! እኔ መንግሥት ነኝ!"

"መንግሥትማ ይከብዳል" አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ ተሳፋሪ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ሰዓቱን አየሁና ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። "በእናትዎ ይውረዱልኝ፣ ፈተናው ሊያልፈኝ ነው! ጫማውን እኔ አጥብልዎታለሁ" ብዬ ለመንኳቸው።

"አንቺ ግፊ!" አሉኝ።

ወዲያው አንድ ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ አይተው አጨበጨቡ። ሞተረኛው እስከ በሩ ተጠጋላቸው። ከወንበር ወደ ኮርቻ ተሻገሩና፣ ጭቃ የሚባል ሳይነካቸው ነጎዱ። ትሮትሮው ገና እጃችንን ስናሳርፍበት ብድግ አለ።

ከትሮትሮው ወርጄ እየሮጥኩ ስደርስ የፈተናውን በር ራሳቸው እየዘጉት ነው። ጫማቸው እንደነጣ ነው።

"ጌታዬ፣ ያስረፈዱኝ እኮ እርስዎ ነዎት! እርስዎ ገና ከመውረድዎ መኪናው ተነሳ!"

"አየሽ?" አሉኝ ፊታቸው በርቶ። "ሕጉ ይሠራል ማለት ነው።"

ቁልፉን አዞሩት።