የሸቤ ገለባ

ገለባው በመጣበት ጆንያ ጥግ ላይ የነበረችውን ቀይ ምልክት ለጢፋ ያየችው ገለባው ከጥንቸሎቹ ሥር ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ነበር። ቀይ የተቀባ ጆንያ የነቀዝ መርዝ የነካው ነው፤ እንደ እሷ ሸቤ ከተማ፣ ቡና መቀሸሪያ ደጃፍ ያደገ ሰው ይህን አይስተውም። ጆንያውን ከሸቤ ያመጣችውም ራሷ ነበረች።

አባ አብዱልሰመድ ሲያነጥፉ ነግረዋት ነበር። ጅማ ውስጥ ለሐኪም ተማሪዎች ሙከራ የሚውሉትን እንስሳት ስድስት ዓመት ያረቡ፣ እሷንም ጥንቸል አያያዝ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ገለባ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ፀሐይ ይምታው።»

ኃላፊው ጓድ ሀብተጊዮርጊስ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ከሁለቱ ሠራተኞች ከሰኔ በኋላ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው ተብሏል።

«አባ፣ ሥራው አሁን በማሽተት አይደለም» አለች ለጢፋ። ከአዲስ አበባ ኮርስ ሰርተፊኬት ይዛ ከተመለሰች ገና ሁለት ወሯ ነው።

ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ሳቀ። «አፍንጫዎንም ኮርስ እንላከው እንዴ?»

ለጢፋም ሳቀች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው አነጠፉ።

ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ምልክቷን አየች። ገለባው ይነሣ ብትል «ማን አመጣው?» ሊባል ነው። ባሏ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከጠፋ አምስት ወሩ፤ ቤት ውስጥ ሁለት ሕፃናት አሉ። ጆንያውን አጣጥፋ ከመኖው በርሜል ሥር ከተተችው።

በሦስተኛው ቀን ከሃያ ሁለቱ ጥንቸሎች አሥራ አራቱ ደርቀው ተገኙ። አንዲቷ አረፋ ደፍቃ በአባ አብዱልሰመድ ጭን ላይ ትንፈራገጣለች።

«ገለባውን ማን ነው ያነጠፈው?» ኃላፊው ጮኸ።

«እሳቸው ናቸው» አለች ለጢፋ።

ውሸት አልነበረም። ማን እንዳመጣው የጠየቃት የለም። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአትና «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ከሥራ ተሰናብተው ጀምበር ስትጠልቅ ቁልፉን አስረከቧት።

«በሩ በዝናብ ያብጣል። ከፍ አድርገሽ ካልገፋሽው አይቆለፍልሽም።» ጥቂት ሄደው ዞሩ። «ያን ቀይ ጆንያ ደግሞ አቃጥዪው። የተረፉት እንዳይልሱት።»

ለጢፋ ወደ መኖው በርሜል ዞር ብላ አየች። «አግኝተውት ነበር? ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ስናገር ሳቃችሁ አይደል?» ብለው ወደ ቦሳ አዲስ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ወረዱ።

ለጢፋ በሩን ገፋችው፤ እምቢ አለ። ውስጥ የተረፉት ጥንቸሎች ሽቦውን ይቧጥጣሉ። በትከሻዋ ደግማ ገፋችው፤ አሁንም እምቢ አለ። ከዚያ እሳቸው እንዳሏት ከፍ አደረገችውና ቆለፈችው።