ሦስተኛው ኦክስጅን

ሬይኖ ዕድሜውን የፈጀበት፣ ካናዳ ታንደር ቤይ ከተማ ያለው የወረቀት ፋብሪካ ሲዘጋ፣ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኛ ለመሆን ኮሌጅ ሊገባ ቆረጠ። ለመግባት የኬሚስትሪ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሦስተኛውና የመጨረሻው ሰኞ ነው። እሱንም ከወደቀ ያለው ምርጫ እንደ ወንድሙ ሩቅ ወደሆነው የአልበርታ ግዛት ሄዶ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ መኖር ነው። ሚስቱ ኮሊን ደግሞ «በወር አንዴ የሚመጣ ባል አልፈልግም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

የሚያስጠናው ላይል ነው። ላይል የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሲሆን፣ በአንድ የሽማግሌዎች የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ግብ ጠባቂ ነው፤ ሬይኖ በዚያው ቡድን ተከላካይ ነው። ቅዳሜ ከጨዋታ በኋላ ሌላው ሁሉ ታጥቦ ሲሄድ፣ ሁለቱ ላብ ላብ በሚሸተው መልበሻ ክፍል ቀሩ።

«አሥር የኦክስጅን ሞለኪውል ስንት አቶም አለው?»

«አሥር።»

«ሃያ! ስንቴ ልንገርህ? ኦክስጅን ብቻውን አይሄድም!»

«ለምን አይሄድም? ማን ከለከለው?»

ሬይኖ ጓንቱን ከግድግዳው ጋር አላተመው። በገዛ ጭንቅላቱ በገነ። ስንቱን ማሽን ፈትቶ የገጠመ ሰው፣ ዓይን የማያየውን ቁጠር ሲሉት እንዲህ ይደነዝዝ?

«ስማ» አለ ላይል። «አንተን ብቻህን ተከላካይ አድርጎ የሚያስገባ አሠልጣኝ አይተሃል?»

«ካላበደ በቀር።»

«ከማን ጋር ነው የምትገባው?»

«ከዌይን ጋር ነዋ። ተከላካይ ሁሌም ጥንድ ነው።»

«በቃ! ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅን፣ ክሎሪን ተከላካዮች ናቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ። ጥንዱ ሞለኪውል፣ ሰውዬው አቶም።»

ሬይኖ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አሥር ጥንድ... ሃያ ሰው!»

«ተመስገን! አርጎንስ?»

«እሱም ሃያ።»

«እኔ ግቡ ላይ ከማን ጋር ነው የምቆመው?»

«ከማንም። ማን ችሎህ!»

ተሳሳቁ። አርጎንና ሂሊየም ግብ ጠባቂዎች ሆኑ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአጥቂዎች መስመር ሆነ፤ መሃል ካርቦን፣ ግራና ቀኝ ኦክስጅን። ሬይኖ ያን ዕለት እየዘፈነ ነው ቤቱ የገባው።

ሰኞም ፈተናው ላይ መልሱ ይፈስለት ጀመር። ኦዞን የሚባለው ጋር እስኪደርስ ድረስ። አሥራ ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ስንት የኦዞን ሞለኪውል ይሠራሉ? ከስሙ ጎን የኦክስጅን ምልክት፣ ከሥሩም ትንሽዬ ሦስት ተጽፏል። ሬይኖ አራት ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ቆም አለ። ሦስት ተከላካይ በአንድ ላይ? በዕድሜው አይቶ አያውቅም። የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ብሎ ሰረዘውና ስድስት አደረገው። የሚቀጥለውም ጥያቄ በዚያው ላይ የቆመ ስለነበር አብሮ ገደል ገባ።

ወረቀቱ እዚያው ታረመ፤ ማለፊያው ሰባ፣ ውጤቱ ስልሳ ስምንት ሆነ።

ሬይኖ በቀጥታ ላይል ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነዳና መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘው።

«ኦዞን» አለው።

የላይል ፊት ተለዋወጠ። «መጣ እንዴ?»

«ታውቀው ነበር?»

«አንዳንዴ ይመጣል። ጣቢያዎቹ ውሃ ያጸዱበታል። ግን ጥንዱን ገና መያዝህ ነበር፤ እንዳላምታታህ ብዬ ተውኩት።»

«ይከብደዋል ብለህ ነው።»

«ኧረ እንደዛ አይደለም፣ ሬይኖ...»

«ሦስት መቁጠር ይከብደዋል ብለህ ነው! ኮሌጁ ቢንቀኝ አያውቀኝም። አንተ ግን ያን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ ቆመህ ስጫወት ያየኸኝ ሰው ነህ!»

ላይል አዝኗል፤ ሐዘኑ ግን ለሬይኖ ምንም አይጠቅመውም። ሬይኖ ጥሎት ሄዶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

ስልኩ ጮኸ። ኮሊን ናት።

«እሺ? እንዴት ሆነ?»

«አልበርታ ላለው ወንድሜ አንቺ ደውዪለት» አላት። «እኔ አፍሬያለሁ።»