አሥራ አንደኛው ስም

እንዲያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በልጅቷ ቀንቻለሁ። ዓይኔ ደም እስኪመስል ቀንቻለሁ። ሥራውን ሀ ብላ የጀመረችው እኔ ዘንድ ነው፤ ዛሬ አለቃችን «ቅመሜ» እያለ የሚያሞላቅቃት እሷን ነው። እኔን በስምንት ዓመት አንዴ እንኳ ጨው ብሎኝ አያውቅም! እሷ ደግሞ «እትዬ» ትለኛለች። በአራት ዓመት ነው የምበልጣት!

የክፍላችን ኃላፊ ስለለቀቀ፣ አለቃችን አርብ ከሁለታችን አንዳችንን በቦታው ሊሾም ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ አገልግሎት ያቆሙ ሰርቨሮችን ስም ከማከማቻው እንድንሰርዝ ታዘዝን። ማከማቻው የምንሠራበት ሆስፒታል ፋይል ሁሉ የተቀመጠበት ትልቅ የዲስክ ማሽን ነው፤ ስሙ እዚያ ያልተመዘገበ ሰርቨር ዲስኩን ማየት አይችልም። አሠራራችን ለሁለት ነው፦ አንዷ ስሙን ጮክ ብላ አንብባ ትእዛዙን ትጽፋለች፣ ሌላዋ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራ «ይሂድ» ትላለች። አሥራ አራቱን ስሞች ለይታ ያወጣችው እሷ ናት፤ የምጽፈው እኔ።

«እትዬ፣ ወንበሩ ተመቸሽ?» አለችኝ።

«ወረቀትሽን እዪ ይልቅ» አልኳት።

አሥር ስም ያለ ችግር ጠፋ። አሥራ አንደኛው «ምርመራ ሁለት» ነበር። ትእዛዙን ብሰጠው ሲስተሙ እምቢ አለ፤ ዲስክ ተያይዞበታል ይላል። የሞተ ሰርቨር ምን ዲስክ ይዞ ይቀመጣል? ገብቼ ሳይ፣ ዲስኩ ላይ በዚያች ደቂቃ እየተጻፈበት ነው። የላቦራቶሪ ውጤት! «በግድ ሰርዝ» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ የበሽተኞቹ ውጤት ከሐኪሞቹ ስክሪን ላይ ድርግም ይል ነበር።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አልደነገጥኩም። ደስ አለኝ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለእሷ ሹክ ማለት ሲገባኝ፣ ተነስቼ ቢሮው በሙሉ እስኪሰማ ተጣራሁ። «አለቃ! ና እስቲ የቅመምህን ጉድ እይ!»

መጣ። ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «በሞተ ማሽን ስም የሚሠራ ማሽን ያስገባው ማነው?» አለ።

ያኔ ነው ክው ያልኩት። እኔ ነኛ! አምና አሮጌው «ምርመራ ሁለት» ሲሞት፣ ስሙን ጡረታ የወጡ ሰርቨሮች መዝገብ ላይ ጻፍኩና፣ ለአዲሱ ሌላ ስም ማውጣቱ ታክቶኝ በዚያው በአሮጌው ስም አስገባሁት። ልጅቷ ዝርዝሩን የቀዳችው ከዚያ መዝገብ ነው።

የመዝገቡ ቅጂ እጇ ላይ ነበር፤ ከግርጌው የእኔ ፊርማ። አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ወረቀቱን አጠፈችው።

«ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ማጣራት ነበረብኝ።»

አለቃችን ሰው ፊት አፉ እንዳመጣለት ተናገራት። እኔ? ጭጭ።

አርብ ተሾምኩ። እንኳን ደስ አለሽ ለማለት ከሁሉም ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። ፊቷ ላይ ቂም ፈለግሁ፣ አጣሁ። ቂም ባገኝ እንዴት ቅልል ባለኝ ነበር! ሹመቱን እኔ ወሰድኩ፤ አሁንም ግን በእሷ እቀናለሁ።